ድምፅ ከድምፅ ሲቀነስ

አባቴ «ሕመምተኛ ጭኛለሁ፤ ከሽንዲ ልነሳ ነው። አንጀቱ የታጠፈ ሰው ነው፤ ሆስፒታሉ ይዘጋጅ» ሲል በሬዲዮ ሰማሁት። ቀጥሎ አንድ ነገር ሊጠይቅ ጀመረ። አንድ ወታደር ከሌላ ሬዲዮ ተናገረበትና ጥያቄው ጠፋ።

ነሐሴ 2008 ነው። ፍኖተ ሰላም ከቤት ያለመውጣት አድማ ላይ ነበረች። ዋናው መንገድ ላይ ባጃጅ የለ፣ የፈረስ ጋሪ የለ፤ ሱቁ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። ስልክ ከተዘጋ ሰንብቷል። ከአምቡላንሶቹ ጋር የሚያገናኘን ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ ሬዲዮኑን የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ የአምቡላንስ መሥሪያ ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ያን ጠዋት ማንም ሳያዘኝ በጓሮ ገብቼ የከፈትኩት አባቴ አምቡላንሱን ይዞ ሽንዲ ስላደረ ነው።

ወታደሮቹ ከመሥሪያ ቤታችን ማዶ ካለው የእህል መጋዘን ግቢ የሰፈሩት በዚያው ሳምንት ነው። ሬዲዮናቸው በእኛ መስመር ላይ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ግን የላላ አጥር እንዳለው ጎረቤት ወደ እኛ ይፈስሳል። ጉልበት ያለው ሬዲዮ አይደለም፤ ማንኩሳ ቢደርስ ነው፣ ቡሬ አይደርስም። እኛ ዘንድ ግን ከጆሯችን ሥር ነው። ስለዚህ አባቴ እኛን ይሰማል፤ እኛ እሱን አንሰማም።

ሙንዲር ወንበሩን ወደ ሬዲዮው አስጠጋ። ገበያው ዳር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግን ልጅ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለእኔ የከበደኝን ዕቃ ወደ እሱ ይልካል። ሱቁ ዝግ ስለሆነ አብሮኝ መጥቶ ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ቁርስ አይበላም እንዴ?» አለ፣ ወታደሩን ነው።

«እየበላ ነው የሚያወራው።»

በሩ ተንኳኳ። ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ሙንዲር የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ አደረገ፤ እኔ መብራቱን አጠፋሁ፣ ጠዋት መሆኑን ረስቼ።

«እኔ ነኝ እኮ፤ ይታገሱ» አለ ዘበኛችን።

ይታገሱ ቤቱ ማንኩሳ ነው፤ በእርሻ መሀል እያቋረጠ በእግሩ ነው የመጣ። ጭቃው ጉልበቱ ድረስ ነበር። ምሳውን የያዘባትን አገልግል ከትከሻው ሳያወርድ ተናገረ።

«ማንኩሳ ድልድዩ ላይ ጎረምሶቹ ድንጋይ ደርድረዋል። ዛሬ መኪና የተባለ አያልፍም ብለዋል። በተለይ ያች ነጯ፣ ባለ ጩኸቷ። ትናንት ሚሊሻ ያመላለሰች አምቡላንስ ናት ይላሉ። ጋዙንም በጀሪካን ይዘው ቆመዋል።»

«የአባቴ አይደለችም። አባቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሽንዲ ነው።»

«እኔ አውቃለሁ። ድንጋይ ምን ያውቃል?»

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያመጣው መንገድ አንድ ነው፤ በማንኩሳ ያልፋል። በክረምት የገጠሩ መንገድ መኪና ይውጣል። አባቴ ቡሬ ይቁም እንዳልል፣ ቡሬ ሆዱን ከፍቶ የሚያድን ሐኪም በዚያ ቀን አልነበረም። ሕመምተኛው ሊሞት ነው። ይምጣ እንዳልል ደግሞ ጀሪካኑ አለ።

«መላ የለውም?» አልኩት።

ይታገሱ አሰበ። «ትናንት ሬሳ የጫነች መኪና አሳልፈዋል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠው ነበር። ቄስ ላይ ድንጋይ የሚያነሳ የለም። አባትሽ ቡሬ ላይ ቄስ ይያዙ፤ ያችን ጩኸቷን ደግሞ ይዝጓት።»

የሬዲዮውን መናገሪያ አንስቼ ቃል በቃል ተናገርኩ። «ቡሬ ላይ ቄስ ከፊት አስቀምጠው ይለፉ። ሳይረን እንዳይከፍቱ። ማንኩሳ ድልድይ ላይ መኪና ሊያቃጥሉ ቆመዋል።» ደገምኩት። የአባቴ ድምፅ ከወዲያ ተነሳ፤ እንደ ትንኝ ቀጭን ሆኖ ይሰማኛል። ወታደሩ ስለ ስኳር እየተናገረ ነበር። ስኳር አልቋል። ስኳር ይላክ። አባቴን ስኳር ዋጠው።

አባቴ መስማቱ ብቻ አይበቃም ነበር። በደርግ ጊዜ የጦር ሬዲዮ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠላት በራሳቸው ቋንቋ «ወደ ግራ ውረዱ» ብሎ አዟቸው የወረደው ሰው እንዳልተመለሰ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ከሰማ ቃል በቃል ይደግመዋል፤ ከወዲህ «ትክክል ነው» ካላሉት አይፈጽመውም። ሲደግመው ካልሰማነው «ትክክል ነው» ማለት አንችልም፤ ዝም ብለን ብንለው ደግሞ ያውቅብናል፤ አንዳንዴ ሆን ብሎ አሳስቶ ነው የሚደግመው። «ያልተረጋገጠ መልእክት ወሬ ነው» ይላል። ቤት ውስጥ እንኳ ጨው ግዛ ሲባል እንዲህ ነው።

«ያ የዩኒቨርሲቲ ሥራሽስ?» አለኝ ሙንዲር።

«የትኛው?»

«ሁለት ሬዲዮ ተባብረው ጣልቃ ገቡን የሚያጠፉበት። ስለሱ ስታወሪ እንቅልፍ የወሰደኝ።»

ባሕር ዳር ስመረቅ የሠራሁት ነው። ፕሮግራሙ አሁንም ላፕቶፔ ላይ ነበር። ነገሩ ከባድ አይደለም። እዚህ ያለው ሬዲዮ የሚሰማው የአባቴንና የወታደሩን ድምፅ ተደባልቆ ነው። ሁለተኛ ሬዲዮ ወታደሩ አጠገብ ቢቀመጥ የሚሰማው ወታደሩን ብቻ ነው። ሁለተኛው የሰማውን ለመጀመሪያው ከላከለት፣ ኮምፒውተሩ ጉልበቱንና መዘግየቱን አመዛዝኖ ከድብልቁ ላይ ይቀንሰዋል። የሚተርፈው አባቴ ነው። አንዱ ሬዲዮ ብቻውን ይህን አይችልም።

ክፉው ነገር፣ አንድን ድምፅ ለማጥፋት መጀመሪያ እሱን ጥርት አድርጎ መስማት ግድ ነው። በዚያ ሳምንት ከወታደር ሰፈር አጥር ሥር የወታደር ንግግር እየተቀበለ ወደ ሌላ ቦታ የሚያስተላልፍ ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው ምን ይባላል? «እኔ እኮ ላለመስማት ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ተወስዶ የት እንደደረሰ አልታወቀም።

«እኔ ልሂድ» አለ ሙንዲር።

«ከጥግ ሳታልፍ ይፈትሹሃል። ወንድ ሁሉ ይፈተሻል።»

«አንችስ?»

ከመጋዘኑ ግቢ ጋር አጥር የሚጋራው ቤት ለቅሶ ነበር። አቶ አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ታመው ሞተው ድንኳን ተጥሏል። በአድማውም ቢሆን ወደ ለቅሶ የሚሄድን ሰው የሚከለክል አልነበረም፤ አድማ ያወጁትም ወታደሮቹም። የይታገሱን አገልግል አየሁት።

«ምሳዬስ?» አለ ይታገሱ።

«ብላው።»

«ፍልሰታ እኮ ነው፤ ሰዓቱ መች ደረሰ?» እያለ እንጀራውን በወረቀት ላይ ገለበጠ።

ሙንዲር የድሮ መቀበያ ሬዲዮና የእጅ ሬዲዮ በሽቦ አገናኝቶ፣ ባትሪውን በፕላስተር አስሮ አገልግሉ ውስጥ አመቻቸልኝ። አንዱ ይሰማል፣ ሌላው የተሰማውን ወደ ሙንዲር ያስተላልፋል። ቀጭን የጆሮ ማዳመጫ አወጣልኝ፤ መሥራቱን የማውቅበት ነው። ሙንዲር ስለማይሰማኝ፣ እኔም እሱን ስለማልሰማው፣ አንድ ነገር ብቻ ተስማማን፤ የእኔ ሬዲዮ ድንገት ከጠፋ አደጋ አለ ማለት ነውና ሁሉን ነቅሎ ይወጣል።

«ካስቀመጥሽው አታንቀሳቅሽው» አለኝ። «በተንቀሳቀስሽ ቁጥር ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ነው የሚማረው። እስኪማር ደግሞ እኔ ደንቆሮ ነኝ።»

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ወጣሁ።

ጥጉ ላይ ሁለት ወታደሮች ቆመዋል። አንደኛው በእኔ ዕድሜ ነው። የአገልግሉ ሽቦ ሁሉ የሚንኳኳ መሰለኝ።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«የማን?»

«የአቶ አድማሴ። ጎረቤት ነኝ።» ድምፄ ቀጠነ። ሐዘን መስሎት ይሆናል፤ «ነፍስ ይማር፤ እለፊ» አለኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ግጥም ብሏል። ባልቴቷ እማማ ሀብትነሽ ምድር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸው ወንዶቹ ጋ ናቸው። ከአጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ጫፍ ክፍት ቦታ አይቻለሁ። እዚያ ተቀምጬ አገልግሉን ከእግሬ ሥር ማድረግ ነበር ሐሳቤ። «እግዜር ያጥናችሁ» ብዬ ዝቅ ስል አንዲት ሴት አገልግሉን ከእጄ ያዘች።

«አምጭው የኔ እናት፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

ያኔ ነው የሠራሁት ስሕተት የታየኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሰው ሲሞት በስልክ ነበር የማጽናናው፤ ከዚያ ወዲህም ድንኳን ደርሶ መመለስ እንጂ ምግብ ይዤ ሄጄ አላውቅም። አገልግል ለቅሶ ቤት ከገባ የአምጪው አይደለም። ሴቶቹ ተቀብለው ወደ ማዕድ ቤት ይወስዱታል፣ ይከፍቱታል፣ ያቀርቡታል። ይህን ገጠር ውስጥ የማያውቅ ልጅ የለም። ሦስታችንም፣ ሙንዲርም፣ ይታገሱም፣ እኔም፣ ወታደሩን ስንፈራ ሴቶቹን ረሳናቸው።

«ይሁን፣ እኔው አስገባዋለሁ» አልኩ።

«ምን ቆርጦሽ! ቁጭ በይ አንች፤ እንግዳ ነሽ።» ጎተተችው። እኔም ጎተትኩት።

«ከባድ ነው» አልኳት።

«ከባድማ ደግ ነው» አለችና መንጭቃ ወሰደችው።

ተከትያት ገባሁ። ስሟ ሰብሊ እንደሆነ ሌላዋ ሴት ስትጠራት ሰማሁ፤ የሟቹ የወንድም ልጅ ናት፣ የማዕድ ቤቱ አዛዥ። ማዕድ ቤቱ ከጭቃ የተሠራ ጠባብ ቤት ነው፤ ግድግዳው የመጋዘኑ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ የወታደር ሳቅ ይሰማል። ትልቅ ብረት ድስት ላይ ንፍሮ ተጥዷል። ሰብሊ አገልግሉን ከግድግዳው ሥር አስቀምጣ ጠፍሩን መፍታት ጀመረች።

«አትክፈችው፣ እባክሽ።»

«ምነው? እባብ አለው?»

ክዳኑን አነሳችው። ሽቦ፣ ፕላስተር፣ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት። ሰብሊ አልጮኸችም፤ መጮህ አቅቷት አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሌላዋ ሴት ማማሰያውን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸችና «ፈንጂ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ነው፤ በማርያም አትጩሁ።»

«ሬዲዮ?» ሰብሊ ትንፋሽዋ ተመለሰላት፤ ከእሱ ጋር ቁጣዋ መጣ። «አጎቴ አፈሩ ሳይደርቅ ሬዲዮ? ሠፈሩ ሁሉ ዘግቶልን፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን እንኳ ቴፕ ዘግተውልን፣ አንች በአገልግል ሬዲዮ ይዘሽ ትመጫለሽ? ምን አድርገንሽ ነው?»

«ሙዚቃ አይደለም። ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ፤ እባክሽ፣ ወታደሮቹ ከግድግዳው ወዲያ ናቸው።»

ወዲያው እንዲህ ማለት አልነበረብኝም። ግድግዳውን አየችው፣ አገልግሉን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ገባት። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየሁ፤ በቁጣዋ ብትቆይ ይሻለኝ ነበር።

ሌላዋ ሴት እማማ ሀብትነሽን ጠርታ አመጣች። አሮጊቷ በሩን ይዘው ቆሙ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የገነነ። የአምቡላንስ ሹፌሩ።»

«ለምንድን ነው ይህን ቤቴ ያመጣሽው?»

ነገርኳቸው። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ሕመምተኛው፣ ስለ ቄሱ። ሬዲዮው ከአጥሩ ሥር ካልሆነ የአባቴ ድምፅ እንደማይሰማን። ስለ መቀነሱ ሳስረዳ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እሱ ይቅርብኝ። ልጄ፣ ሁለት ወንድ ልጆች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠውልኛል። ወታደሩ ይህን ቢያገኝ የሚወስደው አንችን ብቻ አይደለም። እነሱን ነው። አባታቸውን ትናንት ቀበርኩ።»

እውነታቸውን ነበር። የራሴን አባት ለማዳን የእሳቸውን ልጆች አስይዤ ነበር፤ ሳልጠይቃቸው። ቢሆንም አገልግሉን አላነሳሁም። ከተነሳ ሙንዲር ደንቆሮ ነው፤ አባቴ ደግሞ እስካሁን ቡሬ ደርሶ ይሆናል።

«ትንሽ ጊዜ ብቻ» አልኳቸው።

አሮጊቷ ድስቱን አዩት። «ይህ ንፍሮ እስኪበስል። ሲወርድ ተሸክመሽ ትወጫለሽ። ሰብሊ፣ እሳቱን አታንድጅበት፣ አታጥፊበትም።» ወደ ድንኳናቸው ተመለሱ። ወዲያው ለቅሶው ከበፊቱ ጠንክሮ ተነሳ፤ የየራሳቸውን ሟች እየጠሩ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። ሆን ብለው ይሁን ሐዘናቸው አዲስ ሆኖ እንጃ። ከዚያ በኋላ ከአጥሩ ወዲያ የሚሰማ ሳቅ አልነበረም።

ማዳመጫውን ከነጠላዬ ሥር ጆሮዬ ውስጥ አስገባሁ። ወታደሩ በጆሮዬ የሚተነፍስ ያህል ቀረበኝ። ሲስል ይሰማኛል። ምራቁን ሲውጥ ይሰማኛል። የሚያወራው ከሌላ የእነሱ ጓድ ጋር ነው፤ የዚያኛውን ድምፅ አልሰማም፣ የዚህኛውን ብቻ። የተነገረውን ሁሉ እንደ አባቴ ቃል በቃል ነበር የሚደግመው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ልማድ ያላሰለቸኝ ያን ቀን ነው።

«ስኳር ነገ። ተረድቻለሁ።»

«የባትሪ ድንጋይ ነገ። ተረድቻለሁ።»

እሱ በተናገረ ቁጥር ላፕቶፔ እሱን እየቀነሰ፣ ሙንዲር ከሥር አባቴን እየሰማ መሆን አለበት። መሆን አለበት። እርግጠኛ የምሆንበት መንገድ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ስሠራው ሁለቱም ሬዲዮ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፤ ጣልቃ ገቡም የጓደኛዬ ፉጨት ነበር።

ሰብሊ ባቄላ አወጣችና በጣቷ ፈነከተችው። «አልበሰለም» አለች። ከዚያ እኔን ሳታይ፣ «አባትሽ ደግ ሹፌር ነው?» አለችኝ።

«ዝግ ብሎ ነው የሚነዳው።»

«ዛሬስ ዝግ አይበል።»

ወታደሩ ድንገት ተናገረ። «ድገመው... ነጭ መኪና፣ አምቡላንስ፣ ከቡሬ በኩል፣ ማንኩሳ መግቢያ። ተረድቻለሁ።»

አባቴ ከቡሬ ወጥቷል ማለት ነው። ቄሱን ይዞ ይሁን ሳይዝ አላወቅሁም። ሙንዲር «ትክክል ነው» ብሎት ይሁን ሳይለው አላወቅሁም። ፈሪ ሰው አይደለም አባቴ፤ ማረጋገጫ ቢያጣ ሕመምተኛውን ይዞ ቡሬ አይቆምም፤ ሳይረኑን ከፍቶ ሰተት ብሎ ነው የሚመጣው። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

«ሕዝቡ ከቧታል። ተረድቻለሁ።»

እጄን ነከስኩ። ሰብሊ ማማሰያዋን ትታ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «ምን አለ?» አለችኝ። ማዳመጫውን ይበልጥ ወደ ጆሮዬ ገፋሁት።

«ከፊት ማን? ... ቄስ። ቄስ ከፊት ተቀምጠዋል። ተረድቻለሁ። ... ድንጋይ እያነሱ ነው? ሊወረውሩ ነው መንገድ ሊከፍቱ? ... አጣራ። አጣራና ንገረኝ።»

ከዚያ ምንም። እሱም እንደ እኔ እየጠበቀ ነበር። አፉን ማይክሮፎኑ ላይ እንደረሳው ትንፋሹ ብቻ ይመጣል። ልናጠፋው የመጣነው ድምፅ እንዲናገር እየለመንኩ ነበር፤ ተናገር፣ ተናገር አንተ ሰውዬ።

«አልፋለች። ድልድዩን አልፋለች፤ ወደዚህ እየመጣች ነው። ተረድቻለሁ።»

«አልፏል» አልኳት ሰብሊን።

«እልል እንዳትይ ብቻ፤ ለቅሶ ቤት ነው» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። እኔ እልል የምል ሰው አይደለሁም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላወጣ እጄን ስሰድ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ከሬዲዮ ሠራተኛው አጠገብ የቆመ አለቃ ነው።

«ቄስ ያዙ ያላቸው ማነው? ጠዋት እኮ ሰምቸዋለሁ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ባይለይም በእኛ ላይ እየፈሰሰ ይመጣል። ቅርብ ነው። ልጆቹን ላክ፤ አንቴና ያለበትን ቤት ሁሉ ይዩ።»

እነሱ ወደ እኛ እንደሚፈስሱ አስቤ ነበር። እኛም ወደ እነሱ እንደምንፈስስ ግን አላሰብኩም።

የባትሪውን ሽቦ ነቀልኩት። ቀይዋ መብራት ጠፋች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሙንዲር ድንገት ወታደሩ ተመልሶ ጆሮው ላይ ሲጮህበት፣ ወንበሩን ገልብጦ ሲነሳ ታየኝ። ይውጣ። በጓሮ ይውጣ።

ሰብሊ አልጠየቀችኝም። ሬዲዮኖቹን ከአገልግሉ አውጥታ በፎጣ ጠቀለለቻቸውና ጥግ ካለው የዱቄት ጆንያ ውስጥ እስከ ክንዷ አስገብታ ቀበረቻቸው። ክንዷ ነጭ ሆኖ ወጣ። «ለአንች ብዬ አይደለም» አለችኝ። «ለወንድሞቼ ነው።» ባዶውን አገልግል ጠፍራ ሰጠችኝ። «በዋናው በር ውጭ። ከለቅሶ ቤት ሙሉ አገልግል አይወጣም። ወታደሩም የእናት ልጅ ነው፤ ይኼን ያውቃል።»

ንፍሮው ገና አልበሰለም ነበር።

ጥጉ ላይ ያው ልጅ አስቆመኝ። አሁን እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ታዟል። ክዳኑን ራሱ አነሳው። ከሥሩ የይታገሱ እንጀራ ፍርፋሪ ነበር። በጣቱ ነካካው፣ ዘጋው፣ መለሰልኝ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ አምቡላንሷ ገብታ ቆማለች። ሕመምተኛው ደረሰ የሚባል ገበሬ ነው፤ በቃሬዛ ሲያስገቡት ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ «ወይኔ እናቴ» ይላል። በሕይወት አለ። ቄሱ ከፊት ወንበር ላይ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ ነበሩ፤ መድረሳቸውን ያመኑ አይመስሉም። አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። አየኝ። ሳልጠጋው በፊት የወታደሮቹ መኪና ከኋላዬ ቆመ።

አለቃው ነው፤ ድምፁን አወቅሁት። ከእሱ ኋላ ሬዲዮ በጀርባው ያዘለ ቀጭን ልጅ ወረደ። ያ ሁሉ ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ የተነፈሰው ሰው ይህ ነው። ጉንፋን ይዞታል።

«ቄስ ይዘህ እለፍ ያለህ ማነው?» አለው አለቃው አባቴን።

«ማዕከሉ ነዋ፤ መሥሪያ ቤታችን።»

«ማዕከሉ ዝግ ነው። ማን ነው የተናገረው?»

«ስሙን አልነገረኝም። ቃል በቃል ደገምኩ፣ ትክክል ነው አለኝ፤ መጣሁ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

አባቴ እኔን አላየም። እኔን ላለማየት ሲታገል አንገቱ ላይ ያለው ሥር ቆሟል። በሕይወቱ ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ እንደማይችልበት አውቃለሁ።

«ማን ይለያል ጌታዬ? እናንተ ስትናገሩበት ዋላችሁ እኮ። የእናንተ ድምፅ ሸፍኖት እንደ ጉንዳን ነው የሚሰማኝ የነበረው።»

አለቃው ወደ ቀጭኑ ልጅ ዞረ። «የእኛ ሬዲዮ ቡሬ ይሰማል?»

አይሰማም። እኔ አውቃለሁ፤ ልጁም ያውቃል። አባቴን አየው፣ ቀጥሎ ከኋላ ባዶ አገልግል ታቅፌ የቆምኩትን እኔን አየኝ። ሳለ።

«ይሰማል ጌታዬ። ትናንትም እንደሚሰማ ሪፖርት አድርጌ ነበር።»

ለምን እንዲህ እንዳለ አላውቅም። ሊያተርፈን ነው ለማለት አልደፍርም። አይሰማም ካለ ትናንት ለምን ይሰማል ብለህ ሪፖርት አደረግህ ይባላል፤ እሱም አለቃ አለው፤ እሱም ይፈራል። አለቃው ሁላችንንም በየተራ አየን። «የመሥሪያ ቤቱ አንቴና ዛሬውኑ ይወርዳል» አለ። «ሬዲዮም ከመኪናዋ ይነቀላል። አንተም ነገ ጠዋት መጥተህ ቃል ትሰጣለህ።» ቀጭኑ ልጅ ራሱ አምቡላንሷ ውስጥ ገብቶ ሬዲዮውን ፈታው። ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ፤ ቀና አላለም።

ከሄዱ በኋላ አባቴ የመኪናውን በር ሳይዘጋ ወደ እኔ መጣ። እኔ ዘጋሁለት።

«ሙንዲር ነው አይደል? ሦስት ጊዜ አሳስቼ ደገምኩለት፤ ሦስቱንም አረመኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወጥቷል?»

«አላውቅም አባዬ።»

ቄሱ ከፊት ወንበር አልወረዱም ነበር። በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «ልጄ ገነነ፣ ነገ የኪዳነ ምሕረት ተረኛ እኔ ነኝ። ወደ ቡሬ ማን ነው የሚመልሰኝ?»

አባቴ ሬዲዮው የነበረበትን ክፍት ቦታ አየ። ሽቦዎቹ ተንጠልጥለዋል። ወደ ማንኩሳ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናብ ይሁን የሚቃጠል ጎማ ከዚህ አይታወቅም።

«እኔው ነኝ፣ አባ» አለ።